ማተም ቀላሉ ሥራ ነው

ተነጋጋሪዎቹ ለንደን የሚኖሩ አጎትና የእህቱ ልጅ ናቸው። እሱ ዕድሜውን በማተሚያ ቤት ያሳለፈ ጡረተኛ ነው። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች ፊደል ታስተምራለች፤ አሁን ደግሞ ለእነዚሁ ልጆች መጽሐፍ ላሳትም ብላ ተነሥታለች። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅት፦ ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ወረቀትና ስለ ጥረዛ ልጠይቅዎት ነበር። እርስዎ ግን ገና ሳልቀመጥ ስለ ካሪቢያኖች ጀመሩልኝ።

አጎት፦ የወረቀቱን ነገር የትኛውም ማተሚያ ቤት በስልክ ይነግርሻል፤ ግራሙን፣ ዋጋውን፣ የሚያስረክብበትን ቀን። ማተም ቀላሉ ሥራ ነው። ካሪቢያኖቹን ያነሣሁት አንቺ አሁን የተነሣሽበትን ነገር እነሱ እዚሁ ለንደን በ1966 ስለ ጀመሩት ነው። ያንን ሳታዪ ገንዘብሽን ብታፈሺ ደግሞ እናትሽ የምትወቅሰው እኔን ነው።

ልጅት፦ ፊንስበሪ ፓርክ ያለውን መደብር ማለትዎ ነው? ኒው ቢከንን?

አጎት፦ እሱን ነው፤ ስትራውድ ግሪን መንገድ፣ ቁጥር 76። ጆን ላ ሮዝ የትሪኒዳድ ሰው ነው። አገሩ ሳለ በሠራተኛ ማኅበር ትግል ውስጥ የኖረ፣ ግጥምም የሚጽፍ ሰው ነበር። ከሣራ ዋይት ጋር ሆነው ኒው ቢከን ቡክስን ሲያቋቁሙ ሱቅም መጋዘንም አልነበራቸውም፤ ቢሮው የሚኖሩበት ቤት ነው። መጽሐፉን በቦርሳ ይዘው በየስብሰባው ይዞሩ ነበር። የመጀመሪያ ኅትመታቸው የላ ሮዝ የራሱ የግጥም መድበል ነው። የድርጅቱን ስም እንኳ ከባዶ አላወጡትም፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትሪኒዳድ ውስጥ «ቢከን» የሚባል መጽሔት ይወጣ ነበርና ከዚያ ወሰዱት።

ልጅት፦ አንድ ነገር አይገባኝም። የካሪቢያን ደራሲዎች በዚያን ጊዜ አሳታሚ አጥተው ነበር እንዴ? ላሚንግ አለ፣ ሴልቨን አለ፣ ናይፖል አለ። ሁሉንም ያወጧቸው ትልልቆቹ የለንደን አሳታሚዎች አይደሉም?

አጎት፦ ናቸው። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «በሩ ተዘግቶባቸው ነበርና የራሳቸውን በር ከፈቱ» ይሉሻል። በሩ ተዘግቶ አልነበረም። በ1950ዎቹ የካሪቢያን ልብ ወለድ ለንደን ውስጥ ጥሩ ተቀባይነት ነበረው። የላሚንግ የመጀመሪያ ልብ ወለድ በ1953 በማይክል ጆሴፍ ወጣ፤ የናይፖል በ1957 በአንድሬ ዶይች። ቢቢሲ «ካሪቢያን ቮይስስ» በሚለው ፕሮግራሙ ለወጣት ደራሲዎች እየከፈለ ሥራቸውን በሬዲዮ ያስነብብ ነበር። ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። መጽሐፉ ታተመ፣ ተመሰገነ፣ ቅጂው አለቀ። አሳታሚው እንደገና ላትም ወይስ ልተው ብሎ ሒሳብ ሲሠራ አላዋጣውም፤ ተወው። ክፋት የለበትም። በዓመት ሁለት መቶ ቅጂ የሚሸጥ መጽሐፍ ለትልቅ ድርጅት የመጋዘን ኪራዩንም አይችል።

ልጅት፦ እና ከገበያ ይጠፋል።

አጎት፦ ይጠፋል። ምሳሌ ልስጥሽ። ሲ. ኤል. አር. ጄምስ «ሚንቲ አሊ» የሚባል ልብ ወለድ አለው፤ በ1936 እዚሁ ለንደን ነው የታተመው። አንድ ጥቁር የካሪቢያን ደራሲ እንግሊዝ አገር ያሳተመው የመጀመሪያው ልብ ወለድ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ የለም። ጄምስ ዝናው በዓለም ሲናኝ እንኳ ልብ ወለዱን ላንብብ ያለ ሰው አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ማሰስ ነበረበት። በ1971 ኒው ቢከን መልሶ አሳተመው። አሁን ደግሞ በ2021 በርናዲን ኤቫሪስቶ ለፔንጉዊን በመረጠቻቸው የጥቁር ብሪታንያ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ጋዜጣው ሁሉ «የተረሳ መጽሐፍ ተገኘ» አለ። በሁለቱ መካከል ሃምሳ ዓመት አለ። የተረሳው እነማን ዘንድ እንደነበር አስቢው።

ልጅት፦ ፔንጉዊን ቢያወጣው ግን ጥሩ ነው።

አጎት፦ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔም ገዝቻለሁ። የምልሽ ትልቁ የሚመጣው ሲመቸው ነው። ትንሹ ባይመቸውም ሊቆይ ይገባዋል፤ ሥራው እሱ ነውና። ኒው ቢከን በ1969 ምን እንዳሳተመ ታውቂያለሽ? ጄ. ጄ. ቶማስ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን የትሪኒዳድ መምህር ነበር። በ1869 የአገሩን የክሪዮል ቋንቋ ሰዋስው ጻፈ። በ1889 ደግሞ ፍሩድ የሚባለው እንግሊዛዊ ታሪክ ጸሐፊ ካሪቢያንን ለዘለፈበት መጽሐፍ መልስ ሰጠ። ሁለቱም ሥራዎች ተረስተው ነበር፤ ኒው ቢከን በአንድ ዓመት ሁለቱንም መልሶ አወጣ። ማን ይገዛቸዋል ተብሎ ነው? የሠፈሩ ወጣት «ከኛ በፊት የጻፈ የለም» ብሎ እንዳያድግ ነው።

ልጅት፦ ይህ የምሁር ሥራ ነው፣ ጋሼ። እኔ የማስበው ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ እናቶቻቸው እየጎተቱ የሚያመጧቸውን ልጆች ነው።

አጎት፦ ልጆች ካልሽማ በ1971 የወጣውን የበርናርድ ኮርድን ጥራዝ አንሺ። ኮርድ የግሬናዳ ሰው ነው፤ እዚህ ለንደን ያስተምር ነበር። የካሪቢያን ልጆች ከቁጥራቸው በላይ «አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው» ወደሚባሉ ልጆች ትምህርት ቤት እየተላኩ መሆኑን አየ። ልጁ ዘገምተኛ ሆኖ አይደለም። አነጋገሩ የአገሩ ነው፣ ፈተናው የተዘጋጀው ለሌላ ልጅ ነው፣ መምህሩም ገና ሳያየው ተስፋ ቆርጦበታል። ኮርድ ይህን ጻፈ። ለማን ጻፈ ብትዪኝ፣ ለወላጆች። ለትምህርት ሚኒስቴር ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይሆን ነበር፤ «በአክብሮት እናሳስባለን» እያለ ይሄድ ነበር። ይኼ ግን የፋብሪካና የሆስፒታል ሠራተኛ የሆነች እናት ልጇ የተላከበት ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ እንድታውቅ፣ ምን ብላ እንደምትጠይቅም እንድትረዳ የተጻፈ ነው። ኒው ቢከን ከካሪቢያን የትምህርትና የማኅበረሰብ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ አሳተመው፤ በየስብሰባው ተሸጠ፣ ወላጆችም ተነሡ።

ልጅት፦ ኮርድ ኋላ የግሬናዳ አብዮት ውስጥ የገባው ነው?

አጎት፦ ራሱ ነው። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1983 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞሪስ ቢሾፕ ከተገደለ በኋላ ተፈርዶበት እስከ 2009 ታሰረ። የሰው ነገር! ጥራዙ ግን ከሰውየው ዕጣ ጋር አልወደቀም፤ ዛሬም ስለ እንግሊዝ ትምህርት የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ላ ሮዝም ቢሆን በቃል ብቻ አልቀረም፤ በ1969 በጆርጅ ፓድሞር ስም ለሠፈር ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ጀምሯል። ያንቺው የቅዳሜ ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ልጅት፦ እንግዲያው የኔን ችግር ይስሙኝ። ከአዲስ አበባ የምናስመጣው የፊደል መማሪያ ጥሩ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ሞፈር አለ፣ ቀንበር አለ፣ ጎተራ አለ። ልጆቹ «ጎተራ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳያቸዋለሁ። ማወቃቸው ደስ ይለኛል። ግን ልጁ በየቀኑ የሚያየውን ነገር አንድም ቀን በአማርኛ አንብቦት አያውቅም። ቀዩን አውቶቡስ፣ የምሳ ሣጥኑን፣ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ የሚሣቅበትን ልጅ። ስለዚህ አማርኛ ለሱ የአያት ቤት ቋንቋ ሆኖ ቀረ። እዚህ ያሉት አሳታሚዎች ዘንድ ብሄድ ደግሞ የሚፈልጉት ሌላ ነው፤ ቡና ሲፈላ፣ ረኃብ፣ ስደት። ለእንግሊዝ ልጅ እኛን የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው የሚፈልጉት።

አጎት፦ ይኸውልሽ፣ ነፃነት የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ማተሚያ ማሽኑ የማን ነው፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ እሱ ኋላ ይደርሳል። መጽሐፉ ሲጻፍ ደራሲው ፊት ለፊቱ የሚያየው ማንን ነው? ያንን አሳታሚው ነው የሚወስነው። አርታኢው «ይህን አንባቢው አያውቀውም፣ አብራራው» ሲል አንባቢ ያለው ማንን ነው? ኮርድ ለማንም አላብራራም። ያንቺም ልጅ «ዶሮ ወጥ» ሲል ቅንፍ ውስጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልጅት፦ እሺ፣ ገንዘቡ ኋላ ይደርሳል አሉ። አሁን ደረሰ። ከየት?

አጎት፦ የሀንትሊዎችን ልንገርሽ። ጄሲካና ኤሪክ ሀንትሊ ከጉያና የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ዋልተር ሮድኒ የሚባል ወዳጃቸው፣ እሱም የጉያና ልጅ፣ ጃማይካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ታሪክ ያስተምር ነበር። ከክፍል ሲወጣ ደግሞ የኪንግስተን ድሃ ሠፈሮች ሄዶ ከራስ ተፈሪያኖችና ከሥራ አጦች ጋር መሬት ቁጭ ብሎ ያንኑ ታሪክ ይነጋገራል። መንግሥት ይህን አልወደደም። በጥቅምት 1968 ሮድኒ ሞንትሪያል ከተደረገ የጥቁር ደራስያን ጉባኤ ሲመለስ አገር እንዳይገባ ከለከሉት፤ ኪንግስተን በረብሻ ታመሰች። የለንደን ወዳጆቹ ሰልፍ ወጡ። ሰልፍ በማግሥቱ ይረሳል፤ ስለዚህ ንግግሮቹን ሰብስበን እናሳትም አሉ። ገንዘብ የለም። ወዳጅ ዘመድ አዋጣ፤ የሰላምታ ካርድና ፖስተር እያሳተሙ ሸጡ። በ1969 «ዘ ግራውንዲንግስ ዊዝ ማይ ብራዘርስ» ወጣ። ድርጅቱንም በሁለት ዓመፀኞች ስም፣ በጃማይካዊው ፖል ቦግልና በሄይቲው ቱሴን ሉቨርቱር፣ ቦግል ሉቨርቱር አሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያኑ የሮድኒን፣ አፍሪካን አውሮፓ እንዴት እንዳደኸየቻት የጻፈውን ትልቁን መጽሐፉን፣ ከታንዛኒያ አሳታሚ ድርጅት ጋር በጋራ አወጡ። አስቢው! ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መጽሐፍ ከአንድ የለንደን መኖሪያ ቤትና ከዳሬሰላም ነው የወጣው።

ልጅት፦ በሰላምታ ካርድ ሽያጭ። እርስዎ ሲያወሩት ደስ ይላል። የኔ ባል ቢሰማ ግን ሳቁን አይችልም።

አጎት፦ ባልሽ ልክ ነው። ቁጭ ብለሽ ደምሪው። መጽሐፍሽን አሥር ፓውንድ ትሸጫለሽ እንበል። መደብሩ አራት፣ አራት ተኩል ይወስዳል። አከፋፋይ ካለሽ አንድ ፓውንድ ግድም የሱ ነው። ማተሚያው፣ ትንሽ ቅጂ ስለሆነና የልጆች መጽሐፍ ቀለም ስለሚፈልግ፣ ሁለት ቢጠይቅሽ ርካሽ ነው። ደራሲውና ሠዓሊው አንድ ፓውንድ ይድረሳቸው። የቀረችሽ አንድ ተኩል ናት፤ አርታኢ፣ እርማት፣ ፖስታ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ሁሉም ከሷ። ደግሞ መደብር የወሰደውን ሳይሸጥ ሲቀር መመለስ ይችላል። ትናንት የተሸጠ የመሰለሽ መጽሐፍ በስድስተኛው ወር ጥጉ ተጨማዶ ቤትሽ ይመጣል።

ልጅት፦ ለዚህ ነው በትእዛዝ የሚታተመውን ያሰብኩት። ፋይሉን እጭናለሁ፤ ሰው ሲያዝ አንድ ቅጂ ታትማ ትላክለታለች። መጋዘን የለ፣ ተመላሽ የለ። የእርስዎ ላ ሮዝ ዛሬ ቢሆን ቦርሳ አያንጠለጥልም ነበር። መጽሐፉም ከገበያ አይጠፋም፤ ፋይሉ እስካለ ድረስ አለ።

አጎት፦ የመጋዘኑ ነገር እውነት ነው፤ ትልቅ ሸክም ቀንሷል። ግን «ፋይሉ እስካለ ድረስ» ያልሽውን እኔ አላልፈውም፤ ዕድሜዬን የበላው ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ቅርፅና የራሱ አሰፋፈር ነበረው። በአንዱ የተለቀመ መጽሐፍ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ትርምስ ነው። በ1990ዎቹ በስደት የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት ስንቶቹ በፍሎፒ ዲስክ ቀርተዋል! ዛሬ አንዱን መልሰሽ ላሳትም ብትዪ ወይ አሮጌውን ፊደል የሚቀይር ሰው ትፈልጊያለሽ፣ ወይ ከወረቀቱ ላይ ቃል በቃል እንደገና ትለቅሚያለሽ። ኒው ቢከን የ1869ኙን መጽሐፍ ሲያሳትም ያጋጠመው ችግር ከዚህ ይቀል ነበር፤ ገጹ ወረቀት ላይ ስላለ ፎቶ ይነሣል።

ልጅት፦ ይህንን አላሰብኩበትም ነበር።

አጎት፦ ሁለተኛው ነገር፣ በትእዛዝ የሚታተም መጽሐፍ አዛዥ ይፈልጋል። ሰውየው መጽሐፉ መኖሩን በምን ያውቃል? ክላውዲያ ጆንስን ተመልከቺ። የትሪኒዳድ ተወላጅ ናት። አሜሪካ በኮሚኒስትነቷ አስራ ካባረረቻት በኋላ ለንደን ገባች፤ በመጋቢት 1958 ብሪክስተን ላይ «ዌስት ኢንዲያን ጋዜት» የሚባል ጋዜጣ ጀመረች። በዚያው ክረምት ኖቲንግ ሂል ላይ ነጭ ወጣቶች ጥቁሮችን እያሳደዱ ደበደቡ። ጋዜጣዋ ስለዚህ ጻፈች፤ ክላውዲያ ግን በዚያ አላበቃችም፤ በጥር 1959 ሴንት ፓንክራስ አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል ደገሰች። በብርድ፣ በአዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል! ከገቢው ከፊሉ በረብሻው ለተቀጡት ሰዎች መቀጫ እንዲውል ተደረገ። ጋዜጣ ያዘጋጀው ድግስ ነው። አንባቢ ማለት መጀመሪያ የሚሰበሰብ ሰው ነውና።

ልጅት፦ ጋዜጣው ግን አልቆየም።

አጎት፦ አልቆየም። እሷ በታኅሣሥ 1964 ሞተች፤ ጋዜጣውም ዓመት ሳይሞላው ተከተላት። ዕዳ ነበረበት። አላስጌጥልሽም፤ አንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነገር ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ኒው ቢከኖችና ሀንትሊዎች ይህን አይተዋል መሰለኝ፣ ለየብቻ አልሮጡም። በ1982 ከ«ሬስ ቱዴይ» መጽሔት ሰዎች ጋር ተባብረው የጥቁሮችና የሦስተኛው ዓለም መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ጀመሩ። የመጀመሪያውን የከፈተው ያ የ«ሚንቲ አሊ» ደራሲ፣ ጄምስ ነው። እስከ 1995 አሥራ ሁለት ጊዜ ተካሄደ፤ ወደ ማንችስተር፣ ብራድፎርድና ሊድስም ዘልቋል። አሳታሚው ከናይሮቢ፣ ከፖርት ኦፍ ስፔይን፣ ከዴልሂ መጥቶ ጠረጴዛ ይዘረጋል። መጽሐፍ ይሸጣል፤ ሰዎቹ ግን የሚመጡት ክርክሩን ብለው ነው።

ልጅት፦ ከዚያ በፊት ግን የመደብሮቻቸውን መስኮት ይሰብሩባቸው ነበር።

አጎት፦ አዎ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የዘረኞቹ ጥቃት ነበር። የጥቁሮች መጻሕፍት መደብሮች ላይ ስድብ ይጽፉ፣ መስተዋት ይሰብሩ ነበር። መደብሮቹ ኮሚቴ አቋቁመው ፖሊስንና መንግሥትን ተጋፈጡ። ሮድኒ በ1980 ጆርጅታውን ላይ በቦምብ ሲገደል ደግሞ ሀንትሊዎች ዌስት ኢሊንግ ያለውን መደብራቸውን በስሙ ጠሩት።

ልጅት፦ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የጀግና ታሪክ ነው፤ እኔ ጀግና አይደለሁም። ልጆች አሉኝ፣ የሙሉ ጊዜ ሥራ አለኝ። የመንግሥት የኪነ ጥበብ ድጎማ ብጠይቅ ነውር ነው?

አጎት፦ ነውር አልልም። በዚህ ነገር ላይ እነሱም አንድ ሐሳብ አልነበሩም። የላ ሮዝ ወገን በራስ ገንዘብ መቆምን እንደ መርህ ያዘ፤ ስለዚህ ብዙ አላሳተመም፣ መደብሩም ደጋግሞ ተንገዳግዷል። በ2016 ማብቂያ ሊዘጋ ሲል ያተረፈው ከሕዝብ የተዋጣ ገንዘብ ነው። ሊድስ ውስጥ ያለው ፒፓል ትሪ ፕሬስ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ጀረሚ ፖይንቲንግ የሚባል እንግሊዛዊ በ1985 የጀመረው ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከጉያና የሸንኮራ እርሻ ሠፈር የወጣ የሩፕላል ሞናር የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ነው፤ በዚያው በሠፈሩ አነጋገር የተጻፈ። ፒፓል ትሪ ከኪነ ጥበብ ምክር ቤቱ ድጎማ ይቀበላል፤ ብዙ መቶ መጻሕፍትም አውጥቷል። የጠፉ የካሪቢያን ልብ ወለዶችን መልሶ የሚያወጣበት ተከታታይም አለው፤ ላሚንግ እንኳ እዚያ ገብቷል።

ልጅት፦ ያው ማይክል ጆሴፍ ያሳተመው ላሚንግ?

አጎት፦ ያው ላሚንግ። ከሱም መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከገበያ ጠፍተው ነበር።

ልጅት፦ ፒፓል ትሪን ሰምቻለሁ፤ ሮጀር ሮቢንሰን የቲ. ኤስ. ኤሊየትን ሽልማት ያሸነፈው በነሱ መጽሐፍ ነው። ሞኒክ ሮፊም የ2020ን የኮስታ የዓመቱ መጽሐፍ ሽልማት ወስዳለች። የሷን ነገር አንብቤዋለሁ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች አንፈልግም ብለው መልሰውላታል። ፒፓል ትሪ ሲቀበላት ለማስተዋወቂያ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ ራሷ ከአንባቢ አሰባስባ አስተዋዋቂ ቀጠረች። ካሸነፈች በኋላ ግን የኪስ እትሙን ትልቅ ድርጅት ወሰደው። እንግዲህ ትንሹ አሳታሚ ዘርቶ ሌላ አጨደ ማለት አይደለም?

አጎት፦ በከፊል ነው። መብቱን ሲሸጥ ገንዘብ ይገባዋል፤ ለሚቀጥሉት አሥር የማይሸጡ መጻሕፍት ይሆነዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ነው፤ ደራሲው ሲታወቅ ቀጣዩን መጽሐፍ ይዞ መሄዱ። ለዚህ መድኃኒት የለውም። ደራሲም ይበላል፣ ኪራይ ይከፍላል፤ ቅር ሊልሽ አይገባም። ስለ ድጎማው አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ማመልከቻው ላይ «ለማኅበረሰቡ ትስስር የሚኖረው ፋይዳ» የሚል ሣጥን ይኖራል። ያንን ሣጥን ስትሞዪ የቆየሽ ሰው መጽሐፍሽን ለሣጥኑ መጻፍ ትጀምሪያለሽ።

ልጅት፦ የእኛስ ሰዎች? በውጭ አገር እንዲህ የሠራ የለም?

አጎት፦ አለ እንጂ። ካሣሁን ቸኮል፣ ኤርትራ የተወለደ፣ በ1983 ኒው ጀርሲ ውስጥ ትሬንተን ላይ አፍሪካ ወርልድ ፕሬስን አቋቋመ፤ ቀጥሎ ሬድ ሲ ፕሬስን። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ የወጡ ስንት መጻሕፍት የዚያን ሰው ማኅተም ይዘዋል! የሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ስለ ረኃቡና ስለ ደርግ የጻፉት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በ1989 የወጣው ከዚያ ነው። ስለ ካሪቢያንም ያሳትማል፤ ወሰን አላበጀም። ሎስ አንጀለስ ያለው የኤልያስ ወንድሙ ፀሐይ አሳታሚም አለ፣ ከ1998 ጀምሮ። ከካሪቢያኖቹ ጋር ያለን ዝምድና ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ጃንሆይ በ1936 ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ሲሉ ከጸሐፊዎቻቸው አንዷ ዩና ማርሰን ነበረች፤ ጃማይካዊት ገጣሚ፣ አገሯ ሳለች የራሷን መጽሔት ታዘጋጅ የነበረች። «ካሪቢያን ቮይስስ» ያልኩሽን የሬዲዮ ፕሮግራም ኋላ የጀመረችው እሷ ናት።

ልጅት፦ ካሣሁንም ኤልያስም የሚያሳትሙት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ካሪቢያኖቹም ያው። የላ ሮዝ የልጅ ልጅ የአያቱን መጽሐፍ አንሥቶ ያነበዋል። የኔ ተማሪ ፊደሉን ካልቆጠረ ወላጁ ያወጣው መጽሐፍ ለሱ ሥዕል ነው። በአንድ ትውልድ አንባቢዬ ያልቃል። ስለዚህ ከነሱ የተማርኩት ሁሉ ግማሽ መንገድ ነው የሚወስደኝ።

አጎት፦ ይህን አልክድሽም። የነሱ ፈተና አንባቢውን ማግኘት ነበር፤ ያንቺ ግን ማፍራትም ጭምር ነው። እንዲያውም ለዚህ ብዬ ነው አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርጊው የምልሽ።

ልጅት፦ አላደርገውም። ሞክረን አይተነዋል። እንግሊዝኛው ገጹ ላይ ካለ የልጁ ዓይን ወደዚያው ይሄዳል፤ አማርኛው ለወላጅ ደስታ የተቀመጠ ጌጥ ይሆናል። እንግሊዝኛውን ከመጨረሻው ገጽ ላይ በትናንሽ ፊደል አደርገዋለሁ፤ አማርኛ ለማያውቅ አባት ወይም እናት።

አጎት፦ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። ስንት ቅጂ አሰብሽ?

ልጅት፦ ሦስት መቶ። መቶውን ሦስት የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች ቀድመው ከፍለው ይወስዳሉ፤ ተነጋግረናል። የቀረውን በፋሲካ ባዛርና በየቤተ ክርስቲያኑ እሸጣለሁ። ለመደብር አልሰጥም፤ አራት ተኩሏን ለኔ አስቀራለሁ። ካለቀ በኋላ በትእዛዝ እንዲታተም እጭነዋለሁ። ፋይሉን በዩኒኮድ፣ ደግሞ በወረቀት ያልተጠረዘ አንድ ንጹሕ ቅጂ ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ እርስዎ ስላስፈሩኝ።

አጎት፦ ሁለት አስቀምጪ፤ አንዱን እኔ ቤት። ከደራሲዋ ጋር ተፈራረማችሁ?

ልጅት፦ ጓደኛዬ ናት፣ ጋሼ። ምን ብዬ አስፈርማታለሁ?

አጎት፦ ጓደኛሽ ስለሆነች ነው የምትፈራረሙት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈላት፣ ሥዕሉ የማን እንደሆነ። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን እኔ እጽፈዋለሁ፦ መጽሐፉ አንድ ዓመት ሙሉ ከገበያ ከጠፋና አሳታሚዋ ተጠይቃ ካላሳተመች መብቱ ያለ ምንም ክርክር ወደ ደራሲዋ ይመለሳል።

ልጅት፦ በኔው ላይ?

አጎት፦ በአንቺው ላይ። ትልልቆቹን ስንት ሰዓት ስናማ ዋልን!

ልጅት፦ አንድ ዓመት ያጥራል። ሁለት ያድርጉልኝ።

አጎት፦ ዓመት ከመንፈቅ።

ልጅት፦ ዓመት ከመንፈቅ ይሁን። እርማቱን ግን እርስዎ ነዎት የሚያዩልኝ፤ ያለ ክፍያ።

አጎት፦ የመጀመሪያውን እትም ያለ ክፍያ። ሁለተኛው ከመጣ ሒሳብ እንነጋገራለን።